ጥቂቱን ክትባት ለብዙው ሕዝብ ማደላደል
(ስለ ቁጥርና ስለ ርትዕ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ለሁሉ የሚበቃ ነገር በእጁ ያለው ሰው አዳይ ለመሆን ብዙ ጥበብ አያሻውም፤ የመጣውን ሁሉ በተራው እያስተናገደ መልካም ስም ሊያተርፍ ይችላል። ነገር ግን በእጁ ያለው ጥቂት፣ በፊቱ የቆመው ሕዝብ ብዙ፣ የሚያድለውም ነገር ሞትን የሚከላከል ሲሆን፣ ማንን አስቀድሞ ማንን ማዘግየት እንዳለበት የሚወስንበት ሕግ ያስፈልገዋል፤ ሕግ ከሌለው ግን እደላው አብዝቶ ለጮኸው፣ ለመንገድ ለቀረበው፣ ወይም ከአዳዩ ጋር ለሚተዋወቀው ይሆናል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሕግ ነው፤ ይኸውም እንደ እኛ ገቢው አነስተኛ በሆነ አገር፣ ይልቁንም በዚህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከሚያስፈልገው በታች ሆኖ የሚመጣውን ክትባት በመዝገብና በኮምፒዩተር ስሌት እየታገዙ በርትዕ ለማከፋፈል ምን እንደሚያስፈልግ ለመግለጽ ነው። አሳቤንም ከመነሻው ባጭሩ ብናገረው፣ ቁጥር በእደላ ሸንጎ ፊት የሚቆም ምስክር ነው፤ ምስክርም ያላየውን ሊናገር ስለማይችል፣ ያልተቆጠረው ሰው ከድርሻው እንዳይወጣ የሚያደርገውን ድንጋጌ ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ተመካክረው ሊያቆሙት ይገባል የሚል ነው።

በቅርብ ካለፈብን እንነሣ። የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ክትባቱ በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት የተጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የካቲት 28 ቀን፣ ኮቫክስ በተባለው የዓለም አገሮች የጋራ ግዢና እደላ ሥርዓት በኩል አገር የገባው የአስትራዜኔካ ክትባት 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ ያህል ነበር፤ ለአንድ ሰው ሁለት ዶዝ ይሰጥ ስለ ነበረም ያ ሁሉ ጭነት ሙሉ ለሙሉ ሊያዳርስ የሚችለው ከመቶ ኢትዮጵያውያን አንዱን ያህል ብቻ ነው። በመጋቢት አጋማሽ ገደማ ሕንድ፣ በሽታው በገዛ አገሯ ስለበረታባት፣ ሴረም ኢንስቲትዩት የተባለው የአገሯ ፋብሪካ የሚያመርተውን ይህንኑ ክትባት ወደ ውጭ መላክ ስለ ገታች፣ የመጀመሪያውን ዶዝ የወሰደው ሁለተኛውን እየጠበቀ፣ ያልወሰደውም የመጀመሪያውን እየተመኘ የሚቆይበት ዘመን ሆነ።

በዚያን ጊዜ የወጣው ቅደም ተከተል አስቀድሞ የጤና ባለሙያዎችን፣ ቀጥሎም ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ እንዲሁም ከ55 እስከ 64 ዓመት ሆነው ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን የሚያስቀድም ነበር። በምክንያቱ ነቀፋ አልነበረበትም፤ አስታማሚው ከወደቀ ታማሚውን የሚያነሣ አይኖርም፤ በሽታውም በአረጋውያን ላይ ይከፋ ነበርና። ነገር ግን ይኸው ድንጋጌ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በክልላችን ወዳሉት ወደ መንጌና ሸርቆሌ ወረዳዎች ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዕድሜው 65 መሆኑን በጽሑፍ ሊያስረዳ የሚችል የገጠር ሽማግሌ በቀላሉ አይገኝም፤ ሥር የሰደደ ሕመም አለበት የሚባለውም አስቀድሞ የተመረመረ፣ የደም ግፊቱ የተለካ፣ ስኳሩ የታየ፣ ካርድም የወጣለት ሰው ነው። የግፊት መለኪያ በሌለበት ቀበሌ የሚኖረው ሰው፣ ሕመሙ በሰውነቱ ውስጥ እያለ፣ በወረቀት ላይ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሕመምተኛን ላስቀድም ብሎ የተነሣው ሕግ፣ ሳያስበው፣ ሐኪም ቤት የቀረበውን ሲያስቀድም ይገኛል ማለት ነው።

ሰዎች የጎደለውን ነገር ሲካፈሉ ከጥንት ጀምሮ በሦስት ዓይነት ርትዕ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንደኛው ሁሉም ነፍስ ዕሩይ ነውና ለሁሉ እኩል ይድረስ የሚል፣ ሁለተኛው መከራው ለባሰበት ይቅደም የሚል፣ ሦስተኛውም ብዙ ነፍስ በሚድንበት ቦታ ይዋል የሚል ነው። አንድ ሺህ ዶዝ የኮሌራ ክትባት አሶሳ ገባ ብለን ብናስብ፣ የመጀመሪያው ሕግ በሕዝብ ብዛት ያካፍልና ትልቁን ድርሻ ለከተማው ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት የተሰደደው ሕዝብ በሚገባበት በኩርሙክ በኩል ይወስደዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በዋናው መንገድ ላይ ባለችው በባምባሲ ሁሉን በአንድ ቀን ከትቦ መጨረስ ሲቻል፣ ከዳቡስ ወንዝ ማዶ ወዳለው የተበታተነ መንደር በእግር ስንጓዝ ለምን ጊዜ እናጠፋለን ይላል። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሺህ ዶዝ፣ ሦስቱን በአንድነት መፈጸም ግን አይቻልም። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስን ኮምፒዩተር የለም፤ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው የተመረጠለትን ሕግ ሳይደክም በሺህ ቀበሌ ላይ ማስላት ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ወባ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የእደላ ሥርዓት ይህን አስቀድሞ የመወሰን ነገር በግልጽ ያሳያል። አርቲኤስ ኤስ የተባለው የመጀመሪያው የወባ ክትባት ከፈላጊው ቁጥር እጅግ ያነሰ ስለነበረ፣ የድርጅቱ አማካሪዎች ለእያንዳንዱ አገር በቀጥታ ከማካፈል ይልቅ አስቀድመው መርሑን ጽፈው አኖሩ፤ ይኸውም ክትባቱ በመጀመሪያ የወባ ተሐዋስያን በብዛት ወደሚገኙበትና ሕፃናት ከአምስት ዓመት በታች አብዝተው ወደሚሞቱበት ሥፍራ እንዲሄድ፣ ይህም በአገር አማካይ ብቻ ሳይሆን ከአገር በታች ባሉ ክፍላተ ሀገር እየተለየ እንዲታይ፣ በሌሎች አገሮች ያለው የባሰ ፍላጎት ሳይሟላ አንድ አገር ብቻውን ከጠቅላላው 20 በመቶ በላይ እንዳይወስድ የሚል ነው። በዚህም መሠረት ከ2023 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ይገኛል የተባለው 18 ሚሊዮን ዶዝ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተመደበ። ለእኛ ከዚህ ሥርዓት የሚበልጠው ትምህርት አማካይን አለማመን ነው፤ የኢትዮጵያን ደጋና የኩርሙክን ቆላ ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ስሌት፣ ወባ የማያውቀውን ሰው እንደ ግማሽ ታማሚ፣ ወባ የሚደጋግመውንም ሕፃን እንደ ግማሽ ጤነኛ አድርጎ ያሳየዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታምሞ ከ1 ሺህ 100 በላይ መሞቱ ሲነገር፣ ያ ሸክም በደጋውና በቆላው እኩል የወደቀ አልነበረም።

ስለ መረጃ መሣሪያ ስንናገር ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አዲስ ጥበብ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ በምሥራቅ ናይጄርያ ፈንጣጣ ሲነሣ፣ ዊልያም ፌጊ የተባለው ሐኪም ሕዝቡን ሁሉ የሚከትብበት መድኃኒት ስላልነበረው፣ በየመንደሩ ያሉትን ሚስዮናውያን በራዲዮ እየጠራ በሽታው የት እንዳለ ጠየቀ፤ ያገኘውንም በካርታ ላይ እያመለከተ፣ ያለችውን ጥቂት ክትባት በታማሚዎቹ ዙሪያና በሽታው ሊሄድ በሚችልበት መንገድ ብቻ አዋላት፤ ወረርሽኙም ቆመ። ይህ በሽተኛን ፈልጎ ዙሪያውን የመክተብ ዘዴ በኋላ በአገራችንም ተሠርቶበት፣ ከጥር 1963 ዓ.ም. ጀምሮ የፈንጣጣ መከላከያ ሠራተኞች ገደልና በረሃ ሲያስሱ ቆይተው፣ የመጨረሻው ታማሚ ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ተገኘ። መሣሪያው ራዲዮ፣ ካርታና እርሳስ ነበር፤ ኃይሉም የመጣው ወሬውን ከሩቅ ሰምቶ መድኃኒቱን ወሬው ወዳለበት ከማዞር ነው።

ወሬው ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ ይኸው ምዕራባዊ ድንበራችን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1959 ከኩርሙክ ማዶ በሱዳን በኩል ቢጫ ወባ ተነሣ፤ ከዚያም ከ1960 እስከ 1962 ባለው ጊዜ በሽታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ተስፋፍቶ፣ መቶ ሺህ ያህል ሰው እንደታመመና ሠላሳ ሺህ ያህል እንደሞተ ሊቃውንት ገመቱ። የቢጫ ወባ ክትባት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ነበረ፤ ሕዝቡ የነበረበት አገር ግን ጤና ጣቢያም መዝጋቢም ያልነበረው ስለሆነ፣ የዚያን ሕዝብ ጉዳይ በእደላው ሸንጎ ፊት የሚያቀርብ ቁጥር አልነበረም።

ዛሬስ? ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር ትይዛለች፤ የከተበችውንም ሕፃን በመቁጠሪያ ቅጽ ላይ እየጻፈች ለጤና ጣቢያ ታስተላልፋለች፤ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል ጤና ቢሮ የሚሄደው ሪፖርት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ይጠቃለላል። በየመጋዘኑ ያለው የክትባት ብዛት ኤምብራና በተባለው የስልክ መተግበሪያ ይመዘገባል። አሶሳም የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ያላት ከተማ ስለሆነች፣ በመዝገቡና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ይህ ሁሉ ታላቅ በረከት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ፔንታቫለንት የተባለው የሕፃናት ክትባት በአንዱ ወረዳ ሊያልቅ፣ በሌላው ሊበላሽ መቃረቡን አስቀድሞ አይቶ ማዛወር ይቻላልና።

ነገር ግን ሽፋን የሚባለው ነገር ክፍልፋይ ነው፤ ላዕሉ የተከተቡት፣ ታሕቱ መከተብ የሚገባቸው ናቸው። ላዕሉን የጤና ባለሙያዋ በየቀኑ ትቆጥረዋለች፤ ታሕቱ ግን በብዙ ሥፍራ የሚወጣው በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነው። ያ ቆጠራ በዚህ ክልል 784,345 ሰው አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ ስላልተደረገ፣ በየዓመቱ በመቶኛ እየተጨመረ የሚገመተው ቁጥር ለእያንዳንዱ ወረዳ ይታደላል። በዚህ መካከል ግን በክልላችን ስንት ነገር ተለወጠ! ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለታላቁ ግድብ ሥራ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ጉባ ገባ፤ ወርቅ ቆፋሪው ከመንጌ ወደ ኩርሙክ፣ ከኩርሙክ ወደ ካማሺ ወቅት እየጠበቀ ይዘዋወራል፤ በ2011 ዓ.ም. መባቻ በካማሺ፣ በኋላም በመተከል በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ በሸርቆሌና በባምባሲ የስደተኞች ጣቢያዎች ያለውም ሕዝብ በቆጠራው ዘመን እንደነበረው አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይወለዳል። ሕዝብ የፈለሰበት ወረዳ ታሕቱ እንደ ድሮው ትልቅ ሆኖ ስለሚቀር፣ ሠራተኞቹ የቻሉትን ያህል ቢደክሙ ሰነፎች ይመስላሉ፤ ሕዝብ የገባበት ወረዳ ደግሞ ታሕቱ ትንሽ ስለሆነ ሽፋኑ ከመቶ በላይ ይወጣል፤ ከመቶ በላይ ያለው ወረዳም ሥራውን እንደጨረሰ ተቆጥሮ የሚቀጥለው ድርሻው ይቀነሳል። ያን ጊዜ የሚጎዳው በሰው ጓሮ ተጠልሎ ያለው የተፈናቃይ ልጅ ነው፤ በተነሣበት ወረዳ ስሙ ቀርቶ ቁጥሩ ይኖራል፤ በደረሰበት ወረዳ እርሱ ሲኖር ቁጥሩ የለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሄዶ ሲጠይቅ፣ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊውን ክትባት ሁሉ የጨረሱት በአገር ደረጃ 39 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 89 በመቶ፣ በአፋር ግን 15 በመቶ መሆናቸውን አሳየ፤ በር የሚያንኳኳ ቆጠራና ጠረጴዛ ላይ የሚደመር ቆጠራ አንድ እንዳልሆኑም አረጋገጠ።

አንዳንዶች፣ እንግዲህ ከሰማይ በሳተላይት ፎቶግራፍ የቤቱን ጣራ እንቁጠር ይላሉ። በሰሜን ናይጄርያ በፖሊዮ ዘመቻ ጊዜ ይህ ጥበብ በዝርዝር ያልተጻፉ መንደሮችን አሳይቷልና መልካም ነው። ይሁን እንጂ በመተከል ነዋሪው የሸሸበት ቤት ጣራ በፎቶግራፉ ላይ እንደ ቆመ ይታያል፤ በአንድ የመጠለያ ሸራ ሥር ያሉት ሦስት ቤተሰቦች ግን እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ የጣራው ቁጥር፣ የቤተሰብ ማኅደሩ፣ የቀበሌው መዝገብና የስደተኞች ጣቢያው ዝርዝር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊመሳከሩ ይገባል፤ በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት በተገኘበት ቦታም ያ ልዩነት ራሱ ሰው ሄዶ እንዲያይ የሚጠራ ምልክት ሆኖ ሊወሰድ ይገባዋል።

ወደ ክትባቱ ብልቃጥ ደግሞ እንሂድ፤ የእደላ ዳኝነት በሚያልቅበት በመጨረሻው እጅ ላይ ያለው እርሱ ነውና። የኩፍኝ ክትባት በአብዛኛው አሥር ዶዝ በሚይዝ ብልቃጥ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ባለሙያዋ የክትባት መያዣ ሣጥኗን በትከሻዋ አንግታ ሦስት ሕፃናት ብቻ ወዳሉበት መንደር ስትደርስ፣ ብልቃጡን ብትከፍት ሰባቱ ዶዝ ይደፋል፤ ብትመልሰው ሦስቱ ሕፃናት ሳይከተቡ ይቀራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቺ የሚል ነው። ነገር ግን አለቃዋ የሚመዝናት በብክነት መቶኛ ብቻ ከሆነ፣ መልካም ሠራተኛ ለመባል ስትል ወደ ተበታተነው መንደር መሄዱን ትተወዋለች፤ የጉሙዝ ወይም የኮሞ ሰፈር በተራራቁ ጎጆዎች የተሠራ ስለሆነ ብቻ ልጆቹ በስሌቱ እንደ ኪሳራ ይታያሉ። ስለዚህ ለተበታተነ መንደር የሚፈቀደው ብክነት ከከተማው የበለጠ እንዲሆን በቅድሚያ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል፤ ያ የሚደፋው ሰባት ዶዝ የሦስቱ ሕፃናት የመንገድ ዋጋ ተብሎ በሂሳብ ሊያዝ ይገባል።

አንዳንድ ጊዜም ጥበቡ ራሱ ጥቂቱን ሊያበረክተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪንሻሳ ቢጫ ወባ ባሰጋ ጊዜ የዓለም ክምችት ስላለቀ፣ በጥናት ተረጋግጦ ዕድሜው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው፣ ከነፍሰ ጡሮች በቀር፣ ከሙሉው ዶዝ አንድ አምስተኛው ተሰጠና ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተከተበ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የኮሌራው ክትባት ባነሰ ጊዜ ዓለም አቀፉ አዳይ ጉባኤ ሁለቱን ዶዝ ትቶ ለሁሉ አንድ አንድ እንዲሰጥ ወሰነ። የሁለቱም ውሳኔ ቁም ነገር፣ ለጥቂቱ ሙሉ ከመስጠት ለብዙው ከፊል መስጠት እንደሚሻል በማስረጃ መመርመሩና ለሕዝብ በይፋ መነገሩ ነው፤ በስውር የተቀነሰ ዶዝ ግን ስርቆት ይሆን ነበር።

በእደላ የሚረሳ ሰው እንዳይኖር ማሰብ ለሃይማኖቶቻችንም እንግዳ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ዘመን፣ ከባዕድ አገር የመጡት መበለታት በዕለት ዕለት እደላ ተዘነጉ ተብሎ ጉርምርምታ በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ያጉረመረመውን አልገሠጹም፤ ደቀ መዛሙርቱ መልካም ምስክር ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ አድርገው በዚያ ሥራ ላይ ሾሙ። በእስልምናም ዘካ ለእነማን እንደሚሰጥ ስምንቱ ወገኖች ተለይተው ተደንግገዋል፤ ከነርሱም መካከል መንገደኛው አንዱ ነው። አማኙ ሁሉ እንግዲህ ሁለት ነገር ከአባቶቹ ተቀብሏል፤ ተቀባዩ አስቀድሞ በሕግ እንዲለይ፣ አዳዩም በስሙ እንዲታወቅና እንዲጠየቅ።

ከዚህ በመነሣት ለክልሉ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከሚመጣው ክትባት ሁሉ ከፊሉ በሕዝብ ብዛትና በበሽታው ክብደት ከተከፋፈለ በኋላ፣ የተወሰነ ድርሻ ቁጥራቸው ለማይታመን ሥፍራዎች ተለይቶ ይቀመጥ፤ ፓራግ ፓታክ፣ ታይፉን ሶንሜዝ፣ ኡትኩ ኡንቨርና ቡሚን የንሜዝ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በኮሮና ዘመን እንዳሳዩት፣ አንዱን ክምችት በልዩ ልዩ መደብ ከፍሎ ለእያንዳንዱ መደብ የራሱን ቅደም ተከተል መስጠት፣ ሁሉን በአንድ ረጅም ሰልፍ ከማቆም ይልቅ የተለያዩትን የርትዕ ዓይነቶች ያስታርቃል። ሁለተኛ፣ ሪፖርት ያልመጣበት ቀበሌ ባዶ ተብሎ አይመዝገብ፤ ዝምታው የችግር ማስረጃ ሆኖ በስሌቱ ውስጥ ክብደት ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ለክትባት የሚጻፈው መዝገብ ዕድሜንና ሥፍራን ይያዝ እንጂ የማንነት ጥያቄ አይጨመርበት፤ በብሔሩ ምክንያት የተሳደደ ሰው ስሙን የሚጽፍ እጅ ሲያይ መሸሹ የሚያስገርም አይደለም፤ የሸሸውም ከታሕቱም ከላዕሉም ይጠፋል። አራተኛ፣ ክትባቱ በመጣ ጊዜ ለየወረዳው የተሰጠው ብዛትና የተሰጠበት ምክንያት በጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በገበያ ቀንም በበርታኛ፣ በጉሙዝኛና በሽናሽኛ ይነገር።

እዚህ ላይ፣ የአሶሳ ድርሻ ከካማሺ ድርሻ ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ቢታይ ጠብ አያስነሣም ወይ? የሚለኝ አስተዋይ ሰው አይጠፋም። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ አባይ ለሁለት በከፈለው፣ ሐዘኑም ገና ባልሻረ ክልል ውስጥ ቁጥር የቂም ነዳጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተሸሸገ እደላ ጠብን አያስቀርም፤ በቁጥር ፈንታ ሐሜት እንዲነግሥ ያደርጋል እንጂ። በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ከነምክንያቱ ሲነበብ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ምን ላይ እንደሚከራከር ያውቃል፤ የጤና ቢሮውም ምን እንደሚመልስ ያውቃል፤ በመንደሬ ያሉት ሕፃናት እናንተ ከጻፋችሁት ይበልጣሉ ብሎ የሚመጣው ሽማግሌም በዚያው ክርክሩ፣ ማንም ኮምፒዩተር ያላገኘውን ቁጥር ያመጣልናል። የሚቀጥለው እደላ በዚያ ቁጥር እንዲታረም የሚያስገድድ ደንብ ካለ፣ የሕዝቡ ጉርምርምታ ራሱ ከመረጃ መሣሪያዎቻችን አንዱ ይሆናል።